ለአያ ባየ ያልተረጎምኩላቸው ግማሽ

ከገዳሪፍ ሆስፒታል ጡረታ ስወጣ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ሥራዬ «ነዛፋ» ይላል። ጽዳት ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት ሥራ በአንዲት ቃል ተጠርጎ ወጣ።

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ምን ጎደለው?» አለኝ ጸሐፊው፣ ወረቀቱን ይዤ ስቆምበት።

«ሥራዬ ጎደለው።»

«የተቀጠርሽው ለጽዳት አይደለም እንዴ?»

«የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። የሠራሁትን ደግሞ ይህን ሆስፒታል የረገጠ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሄደህ ጠይቅ።»

«እኛ የምንጽፈው የተቀጠርሽበትን ነው። ለመዓሹ ለውጥ የለውም» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ለጡረታው ገንዘብ ማለቱ ነው።

ገንዘቡን ማን ጠየቀው! ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩና እቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሄድኩ። ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ሹፌር ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ያበድኩ መስሎት ይሆናል።

ይህን የምጽፈው እንደተናደድኩ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፣ ዐረብኛውን ያነበብኩት ከበሽተኛ አልጋ ላይ ከሚንጠለጠል ካርድ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ንዴቴ ግን አልተወላገደም፤ የት እንደሚሄድ ያውቃል። መጀመሪያ ጸሐፊው ላይ የሄደ መስሎኝ ነበር። ማታውን ሳሰላስል ግን ያቺ የማልረሳት ቀን መጣችብኝ። በዚያች ቀን ወረቀቱ እውነቱን ነው፤ ጠራጊ ነበርኩ። አንድ ሐኪም የነገረኝን ግማሹን አደረስኩ፣ ግማሹን ጠርጌ ደፋሁት። እዚያ ለመድረስ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

ከጭልጋ ወጥቼ በገላባት በኩል ሱዳን ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዶካ ላይ ሰሊጥ አጨድኩ፣ መፋዛ ላይ ሽንኩርት ነቀልኩ፣ መጨረሻ ገዳሪፍ ሆስፒታል መወልወያ ያዝኩ። የልብ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል የኔ ድርሻ ነበር። ሐኪሙ እያንዳንዱን በሽተኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «ስትተኛ ስንት ትራስ ትደራርባለህ?» ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ትራስ ከፍ አድርጎ ነው የሚተኛ። ሁለት ካለ ክፉ ነው፣ ሦስት ካለ ይብሳል። የሰሊጥ ሠራተኞቹ ግን ሲጠየቁ ሁሉም «ኧረ ምንም» ይላሉ። የሚተረጉመው ከገበያ የሚጠራ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱም «ምንም» ይላል። ሐኪሙ ዜሮ ይጽፍና መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛል።

አንድ ቀን ወለሉን እየወለወልኩ ሳቄ አመለጠኝ።

«አንቺ ሐበሺያ፣ ምን ያስቅሻል?» አለች ዋናዋ ነርስ።

«ትራስ የት አለውና ነው በቁጥር የምትጠይቁት! ይህ ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ተጋድመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ የምታድረው ብላችሁ ጠይቁት።»

ዐረብኛዬ የሰሊጥ ማሳ ዐረብኛ ነው፤ ግን ገባቸው። ራሴው ጠየቅሁት። ሰውዬው፣ «ተቀምጬ ነዋ፣ ዛፍ ተደግፌ። ሁለት ወር ሆነኝ» አለ። ሐኪሙ ብድግ ብሎ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገና ለረጅም ጊዜ አላነሳም። ሰውዬው በዚያው ዕለት አልጋ ያዘ። ዋናዋ ነርስ መወልወያዬን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳ አስደገፈችና «ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር ነሽ» አለችኝ።

ሲስተር ኒዕማት ትባላለች፤ የከሰላ ሴት ናት፣ ግዙፍ፣ ጥርሷ የማይከደን። ያስተማረችኝን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። በሽተኛ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ፊቱን አታይም፤ አንሶላውን ከግርጌ ገለጥ አድርጋ እግሩን ትይዛለች። ቀዝቅዟል? አብጧል? ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ ይሞላል ወይስ እንደጎደጎደ ይቀራል? ከዚያ ትቀመጣለች። ቆማ አነጋግራ አታውቅም። የልብ ምት ስትቆጥር ዓይኗን ጨፍና ሙሉ ደቂቃ ነው። ሌሎቹ ነርሶች ግማሽ ደቂቃ ቆጥረው በሁለት ያባዛሉ። እኔም እንደነሱ ሳደርግ አይታ እጄን መታችው።

«ግማሹን ቆጥረሽ አታባዢ። አመለኛ ልብ የሚያጭበረብርሽ ባልቆጠርሽው ግማሽ ላይ ነው።»

የልብን ውስጥ ያሳየችኝ በበግ ልብ ነው። ከሥጋ ገበያ ገዝቼ እንድመጣ አዘዘችኝና ጓዳዋ ውስጥ በቢላዋ ሰንጥቃ ከፈተችው። «ይህ በር ነው» አለች፣ ስስ ሽፋኖቹን በጣቷ እያነሳች። «ደም ያሳልፋል፣ እንዳይመለስ ይዘጋል። ሲጠነክር ድንጋይ ይሆናል፣ አይከፈትም።» ደግሞ አገላብጣ ጀርባውን አሳየችኝ፦ «እነዚህ በላዩ የሚሄዱት ቀጫጭኖች ደግሞ ልብን ራሱን የሚያጠጡ ናቸው። ልብ ለሁሉ ደም ይረጫል፤ ለራሱ ግን የሚጠጣው ከነዚህ ነው።» እኔ በአማርኛ ስም አወጣሁላቸው፤ የመጀመሪያውን «በር»፣ ሁለተኛውን «ቦይ»። የረሃድ ወንዝን ውኃ በቦይ ሲመራ ያየ ገበሬ ወዲያው ይገባዋል። ቦይ ሲደፈን በጎን ሌላ ቦይ ይቀደዳል፤ ሐኪሞቹም የሚያደርጉት ያንኑ ነው፣ ከእግር የደም ሥር ወስደው በተደፈነው ጎን ያሻግራሉ። ደብተር ገዝቼ ይህን ሁሉ ጻፍኩ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን «መልሺልኝ»ን ነው። ለበሽተኛ አንድ ነገር ተርጉሜ ስጨርስ፣ በሽተኛው ራሱ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግረኝ ማድረግ አለብኝ። «ገባህ?» ማለት ክልክል ነው። «ገባህ ያልሽው ሰው ሁሉ አዎ ነው የሚልሽ። ይሉኝታ አለዋ!» ትላለች። አንድ ጊዜ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ለአንዲት እናት ስተረጉም በልጆቿ ፊት እንዳላስደነግጣት ብዬ የሐኪሙን ቁጣ አለሳለስኩት። ሲስተር ኒዕማት አማርኛ አታውቅም፤ ግን የአረፍተ ነገሩ ማጠር አስነቃት። ከክፍሉ ይዛኝ ወጣች።

«እሱ ብዙ ተናገረ፣ አንቺ ትንሽ ተናገርሽ። የቀረው የት ሄደ?»

«ሴትዮዋ እንዳትደነግጥ ብዬ...»

«አንቺ ስትናገሪ የሚናገረው ሐኪሙ ነው። አንቺ ስትቀንሺ እሱን ውሸታም አደረግሽው። ሌላ ቀን እንዲህ ካደረግሽ መወልወያው ግድግዳው ላይ ነው፣ ሄደሽ አንሺው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ንግግር ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ዛሬም እየጻፍኩት እየተቃጠልኩ ነው።

ሲስተር ኒዕማት ጡረታ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። እኔን ካርቱም ወደሚገኝ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ላኩኝ። ከምሥራቅ የሚላኩ ሐበሾች በዝተው ነበርና የሚያስተረጉም ሰው ፈለጉ። የዚያ ክፍል ሙዲር፣ ማለት ኃላፊው፣ «ተርጓሚ የሚባል የሥራ መደብ የለንም» ብሎ በጽዳት ስም አስገባኝ። እኔም ስም ምን ያደርግልኛል አልኩ። ሞኝ ነበርኩ።

አያ ባየ የመጡት እዚያ ሳለሁ ነው። የዶካ ሰው ናቸው፤ የእርሻ ትራክተር ሹፌርም መካኒክም። ዕድሜያቸው ስልሳ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ጥፍራቸው ሥር ያለው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ። ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ገና አልጋ ላይ ሳይቀመጡ ማሽኑን ሁሉ እያዞሩ ማየት ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ዘይቱ ስንት ነው?» አሉኝ በአንዱ እየጠቆሙ።

«አያ ባየ፣ ይህ የኦክስጅን ነው፤ ዘይት የለውም።»

«ዘይት የሌለው ማሽን አላምንም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው በትንፋሽ እጦት ተቋረጠ።

ምርመራው ሲያልቅ ሁለት ነገር ተገኘ። የልባቸው ዋና በር ድንጋይ ሆኗል። ልብን ከሚያጠጡት ቦዮች ደግሞ ሁለቱ ሊደፈኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ ነገ ጧት እነግራቸዋለሁ አለኝ።

ከሐኪሙ በፊት ግን ታላቅ ወንድማቸው አያ ሙላው ያዙኝ። ከዶካ ይዘዋቸው የመጡ እሳቸው ነበሩ፤ የአያ ባየ ባለቤት እታለማሁ ከልጆቹ ጋር እዚያው ቀርታለች። አያ ሙላው የእድር ዳኛ ናቸው፣ ነጠላቸው የማይጨማደድ። በኮሪደሩ ጥግ ወስደው እጄን ያዙኝ።

«እቴ፣ ገዳሪፍ ላይ ሐኪሙ የጠረጠረውን ሁሉ በሰው አስተርጉሞ ነግሮኛል። ልቡንም እግሩንም እንቆርጣለን ነው የሚሉት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆን አደጋው ይበዛል ብለውኛል።»

«አዎ አያ ሙላው፣ ግን...»

«ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም። አንቺ የኛው ልጅ ነሽ፣ ይህን እኔ ላስተምርሽ? በሩን ብቻ በይው። የእግሩን ነገር አታንሺበት፤ ሲሰማ ወኔው ይከዳዋል። ሌላው ሲያገግም ይደረጋል። በማርያም!»

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ቀጥ ብሎ ለባለቤቱ አይሄድም። መጀመሪያ ሽማግሌ ጋ ያርፋል፤ ሽማግሌው ያመዛዝናል፣ ጊዜ ይመርጣል፣ በልኩ ይሰጣል። እናቴ ጭልጋ ላይ ስትሞት እኔ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ በዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ ያውቁ ነበር፣ አብረውኝ ይበሉ ነበር። ስሰማ አልተቆጣሁባቸውም። አዘኑልኝ ነው ያልኩት። እንዲያ ነው ያደግሁት። አያ ሙላው እጄን ሲይዙኝ ሲስተር ኒዕማት ከአእምሮዬ ወጣች፣ ወገኖቼ ገቡ።

በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ልብ ሳለ። ደግ ሐኪም ነበር፣ ግን ቸኩሏል፤ ሌሎች ሁለት በሽተኞች እየጠበቁት ነው። አራት ነገር ተናገረ። በሩ መቀየር አለበት። ሁለቱ የተደፈኑ የደም ሥሮችም ከእግር በሚወሰድ የደም ሥር መሻገር አለባቸው። ሁለቱን በአንድ መክፈት አንድ ላይ እንሠራለን፤ ልብና ሳንባን ተክቶ በሚሠራው ማሽን ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቆዩ በሩን ብቻ ከመሥራት አደጋው ከፍ ይላል። ግን በሩን ብቻ ሠርተን ብንዘጋ ያልተሠራው የደም ሥር በኋላ ሊገድል ይችላል፤ ደረት ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚድን ሁለተኛ መክፈት በጣም ይከብዳል። «አራቱንም ንገሪው» አለኝ።

እኔም ዞርኩና፣ «አያ ባየ፣ የልብዎ በር ጠቧል። ደረትዎን ከፍተው በአዲስ ይቀይሩታል፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ ይድናሉ» አልኩ።

ይኸው ነው። ይኸው ነበር ያልኩት።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ይህ ሁሉ በዚህ አጭር? የእግሩን ነገር ነገርሽው?»

አያ ሙላው ዐረብኛ ብዙም አይችሉም፤ ግን «እግር» የሚለውን ሰሙ። «ሪጅል ላ! ሪጅል ላ!» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። እግር አይነካ ማለታቸው ነው። አያ ባየ ግራ ገብቷቸው ወንድማቸውን ያዩ ነበር።

«ዶክተር፣ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይሁን ይላል» አልኩት።

«በኋላ መክፈት ከባድ መሆኑን በሽተኛው ራሱ ገብቶታል?»

«አይዋ» አልኩ። «ገብቶታል።»

ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። «በሩ ካልተቀየረ ዓመት አይደርስም። እምቢ ካለ በሩን እንሥራ፤ የቀረውን በመድኃኒት እንሞክራለን» አለና ቅጹን ሰጣቸው። አያ ባየ የማያነቡትን ዐረብኛ በትልቅ የአማርኛ ፊደል ፈረሙ።

ሐኪሙንም እናደድበታለሁ። ምነው አንዲት ጥያቄ ቢጨምር! ምነው «መልሱልኝ» ቢላቸው! አያ ሙላውንም እናደድባቸዋለሁ፤ የወንድማቸው ደረት ውስጥ ያለውን ነገር ከወንድማቸው ሰረቁት። ግን ሁለቱም አንዱ ሌላውን አይሰማም ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። አዲሱ በር ብረት ነው፤ ጸጥ ሲል ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። አያ ባየ በአምስተኛው ቀን ተቀምጠው ሾርባ እየጠጡ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ዋጥኩኮ! ሰዓቱ ስንት ነው ያለኝን ሰው ደረቴ ላይ ጆሮህን ጣል ነው የምለው» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ድንገት ቁም ነገር መጣባቸው።

«እኔ ሞተር ስከፍት ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ባልፉን፣ የሞተሩን በር፣ ሊሠራ ብሎ የከፈተ መካኒክ ቱቦውንም ሁሉንም ያያል። አንዱን ሠርቶ ሌላውን እንደታመመ ትቶ የሚዘጋ ሌባ ነው። ሁለተኛ መክፈት ብሎኑንም ይበላዋል፣ ክዳኑንም ያጣምመዋል። እነዚህስ ሰዎች ከከፈቱኝ አይቀር ሁሉንም ሠሩት አይደል?»

የሾርባውን ሳህን ተቀበልኳቸው።

«አዎ፣ አያ ባየ» አልኳቸው።

ወኔያቸው ይከዳቸዋል ያልነው ሰውዬ ይህ ነው! ነገሩ ከኔም ከወንድማቸውም በላይ ይገባቸው ነበር። በሳቸው ቋንቋ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እታለማሁ ባሏን ልትወስድ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይነ አፋር። ብረት በር የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ አረንጓዴ ቅጠል በድንገት ካበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ይደክማል። ይህን ስነግራት ሲስተር ኒዕማት ብታየኝ በኮራችብኝ። ተቀመጥኩ፣ ጎመኑን፣ ሙሉኪያ የሚሉትን የሱዳን ቅጠል፣ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፣ መልሺልኝ አልኳት። መለሰች። አንድ ስታ አርሜ ደግማ መለሰች። በሦስተኛው ልክ ሆነ። ስለ ቅጠል ሦስት ጊዜ! ስለ ደም ሥሩ አንድም!

ከዘጠኝ ወር በኋላ ለጥቂት ሳምንት ወደ ገዳሪፍ ተልኬ ሳለ፣ አንድ ጧት ከዶካ የመጣ ፒካፕ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆመ። አያ ባየ ከኋላ ተጋድመዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ እታለማሁ ራሳቸውን ታቅፋለች። እግራቸውን ያዝኩ። በረዶ ነው። ሲያዩኝ ፈገግ ለማለት ሞክረው፣ «ሰዓቱ ግን ይሠራል» አሉኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን አረፉ።

ሐኪሙ የልብ ምርመራውንና የደም ውጤቱን ይዞ ወጣ። «የደሙ መቅጠን ልክ ነው፣ በሩም በደንብ ይሠራል። የገደለው ያልተሠራው የደም ሥር ነው። ለባለቤቱ ንገሪያት» አለኝ በዐረብኛ።

እታለማሁ ልብሴን ያዘችኝ። «ማክሰኞ ዕለት ሙሉኪያ ሠርቼለት ነበር። አምሮት ነበር፣ ለመነኝ። ብዙ በላ። እሱ ነው አይደል የገደለው?»

አፌ ውስጥ መልሱ ነበረ።

«እግዜር ያውቃል» አልኳት።

እግዜር ያውቃል! እኔም አውቅ ነበር።

ካርቱም ስመለስ ወደ ሙዲሩ ሄጄ አጥፍቻለሁ አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ፋይሉን አስወጥቶ ገለባበጠው። «ታካሚው ፈርሟል፣ ሐኪሙ ፈርሟል። ያንቺ ስም የት አለ?» አለኝ። በቅጹ ላይ የተርጓሚ ስም የሚጻፍበት መስመር የለም። «ስለዚህ አንቺ እዚያ አልነበርሽም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።» እኔስ ምን አልኩ? ተመስገን አልኩ። የዚያን ቀን ስሜ ስላልተጻፈ ደስ ብሎኝ፣ ዛሬ ሥራዬ ስላልተጻፈ ጸሐፊ ላይ እጮኻለሁ!

ከዚያ በኋላ ማንም ሽማግሌ በኮሪደር እጄን ይዞ አያውቅም። አልሰጥም። «ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ እናገራለሁ፣ የማይወድ ሌላ ሰው ያምጣ» እላለሁ። ልበ ደረቅ ይሉኛል፣ ሱዳን ሆነች ይሉኛል። ይበሉ። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያፈርስ ክፍላችን ተዘጋ፣ ደብተሬን ብቻ ይዤ ገዳሪፍ ገባሁ፤ እንደገና የተፈናቀለ ሕዝብ፣ እንደገና እግር መያዝ፣ እንደገና «መልሱልኝ»። መቶ ሰው በትክክል ብተረጉም ግን አያ ባየ አይመለሱም።

ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ልጅ መጣች፤ ፊቷ የገረጣ፣ ደም ያነሳት። ሰብለ ትባላለች፣ ሱዳን ተወልዳ ያደገች፤ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዐረብኛ ነው የምታወራ። ሐኪሙ፣ «ቅጠላ ቅጠል ትበያለሽ?» አላት።

«ወላሂ አልበላም። እኛ ቤት ቅጠል አይገባም።»

«ለምን?» አልኳት እኔ።

«እናቴ አባቴን በሙሉኪያ ስለገደለችው» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። «ዶካ ሁሉም ያውቃል። ራሷ ናት የምትናገረው።»

የአባቷን ስም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግንባሯ የአያ ባየ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ! እኔ እያንቀላፋሁ፣ እየበላሁ፣ በክፍሉ ውስጥ እየተከበርኩ፣ እሷ ዶካ ላይ ባሌን ገደልኩ እያለች ለጎረቤት ስትናገር ኖራለች። ልጆቿ ደም እስኪያንሳቸው ድረስ ቅጠል ከልክላለች። እናደዳለሁ ስላችሁ በዚህ ነው የምናደደው። ያ ወረቀት ምኔ ነው!

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ጧት አውቶቡስ ይዤ ዶካ ሄድኩ። አያ ሙላው ካረፉ ቆይተዋል፤ ፈቃድ የምጠይቀው ሽማግሌ የለም። ቢኖርም አልጠይቅም ነበር። እታለማሁ ግቢዋ ውስጥ የደረቀ ባምያ በሸራ ላይ ታሰጣለች። ሰብለ ውኃ ትቀዳለች። እታለማሁ ገና ከበሩ ሳለሁ አወቀችኝ መሰለኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች።

«ሲስተር! አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ምነው በደኅና ነው?»

«በደኅና አይደለም። እታለማሁ፣ ቁጭ በይ። አያ ባየን የገደለው ሙሉኪያው አይደለም።»

አልተቀመጠችም። ሁሉንም ነገርኳት፦ አያ ሙላው እጄን መያዛቸውን፣ አራቱን ነገር ወደ አንድ ማሳጠሬን፣ «ገብቶታል» ማለቴን፣ የሞቱ ቀን ሐኪሙ ያለኝንና የዋጥኩትን። ሰብለ ባልዲውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እታለማሁ ስጨርስ እጇን ዘረጋችና ወደ አንድ የገመድ አልጋ ጠቆመች።

«እዚያ ይተኛ ነበር። አጠገቡ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«አሁን ሐኪሙ ያን ቀን ያለውን በሙሉ ንገሪው። ለኔ ሳይሆን ለሱ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

ወደ ባዶው አልጋ ዞሬ፣ «አያ ባየ፣» አልኩ፣ «የልብዎ በር ድንጋይ ሆኗል፣ መቀየር አለበት። ልብዎን የሚያጠጡ ሁለት ቦዮችም ሊደፈኑ ነው፤ ከእግርዎ የደም ሥር ተወስዶ በጎናቸው ይሻገራል። ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት በሩን ብቻ ከመሥራት ይከብዳል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። በሩን ብቻ ሠርተን ከዘጋን ግን ቦዩ በኋላ ሊገድልዎ ይችላል፣ ሁለተኛ መክፈትም በጣም ከባድ ነው።»

እታለማሁ ሳልጠይቃት መመለስ ጀመረች። ድምጿ የሷ አልነበረም፤ ረጋ ያለ፣ የመካኒክ ነገር ነበረበት።

«ባልፉ ተበላሽቷል። ቱቦዎቹም ሊደፈኑ ነው። ሁለቱን መሥራት ያስፈራል። አንዱን ብቻ መሥራት ደግሞ ሌብነት ነው። አንዴ ከተከፈተ ሁለተኛ መክፈት ክዳኑን ያጣምመዋል። እንግዲያው ሁለቱንም ባንድ ላይ ይሥሩት።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ ነበር የሚል። ቢሞትም አውቆ ይሞት ነበር። መለስኩልሽ? ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ከቤቴ ውጪልኝ።»

ይቅርታ አልለመንኳትም፤ ልታዝንልኝ አልመጣሁም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የእንጨቱን በር መልሼ ስዘጋ ከኋላዬ ድምጿ መጣ፤ እንደተቆጣ ነው፣ ለሰፈር የሚሰማ።

«ሰብለ! ባልዲውን አስቀምጪና ገበያ ሂጂ። ሙሉኪያ አምጪ። ትኩሱን! ብዙ አድርገሽ!»